ከቦነያ የመጣው ቁራጭ

ጌዶ ላይ በአያቴ ቤት፣ ከምሰሶው በጠፍር ተንጠልጥሎ የኖረ፣ ከአንድ ክንድ የማያልፍ ነጭ ቁራጭ ብረት ነበር። ብረት ማለቴ ለልማድ ያህል ነው እንጂ ክብደቱ እንደ ደረቅ ቅል ነበር። ዳርና ዳሩ በእሳት ተለብልቦ ተጨማድዷል፤ በአንድ ወገኑ ምስማር የወጣባቸው ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተደርድረው ይታያሉ። በልጅነታችን ለበዓል ከአምቦ ተነሥተን፣ ጉደርን ተሻግረን ጌዶ ስንወጣ፣ የመጀመሪያ ሥራችን ይህን ቁራጭ በጣታችን እየመታን ድምፁን መስማት ነበር። አያቴም ከመደባቸው ሳይነሡ፣ «ተውት፣ እርሱ ሰማይ የነበረ ነው» ይሉን ነበር። ከዚህ የበለጠ ሲጠየቁ፣ «ቦነያ ላይ አይሮፕላኑ የወደቀ ጊዜ ያነሣሁት ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ማን እንደ ጣለው ግን አንድም ቀን ከአፋቸው አልወጣም። ያንን የጨመርነው እኛ ነን።

አያቴ በ1976 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ በቤተ ዘመዱ ውስጥ ብዕር ይዞ የሚውል ሰው እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ፣ በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ታዘዝሁ። በዚያን ጊዜ አምቦ ውስጥ የታሪክ መምህር ነበርሁ፤ ወጣትነትና የመምህርነት ኩራት ደግሞ አንድ ላይ ሲሆኑ ብዕርን ያፈጥናሉ። «ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰልፈው፣ በቦነያ ሜዳ የፋሽስቱን አይሮፕላን በጠመንጃ መትተው የጣሉ አርበኛ» ብዬ ጻፍሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ የጉደር ሰው፣ የአያቴ የወጣትነት ባልንጀራ ናቸው የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ፣ ንባቡ እስኪያልቅ የበትራቸውን ጫፍ ሲመለከቱ አየኋቸው። ሐዘኑ ከብዷቸው ነው ብዬ አለፍሁት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለተማሪዎቼ ስለ ጥቁር አንበሳ አንድ ትምህርት ላዘጋጅ ብዬ፣ ታደሰ ሜጫ በምዕራብ ኢትዮጵያ ስለ ነበረው የጥቁር አንበሳ ጦር በ1943 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ፈልጌ አነበብሁ። ከዚያ ወዲህ በአርባ ዓመት ውስጥ የታሪክ ምሁራን የጻፉትን፣ በተለይም ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለዚያ ዘመን ምሁራን ያጠኑትን፣ እየለቀምሁ ከርሜአለሁ። የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። በቦነያ የወደቀ አይሮፕላን የለም። ሦስቱም አይሮፕላኖች በሰላም አርፈው፣ በጎማቸው ላይ እንደ ቆሙ ነው የተቃጠሉት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት ሲከፈት፣ አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹ ፈረንሳይኛ የቀመሱ የከተማ ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ጢም እንኳ አላወጡም። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ከተማይቱን ያዘ። ከእነዚህ ወጣቶች የተረፉት ጉዟቸውን ወደ ምዕራብ አደረጉ። በጎሬ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት ስለ ነበረ ተስፋቸው ወደዚያው ነበር። በነቀምትም ተሰባስበው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቆሙ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ ከጦር መኮንኖቹ ኤርትራዊው በላይ ኃይለአብና በፈረንሳይ የጦር ትምህርት ቤት የተማረው ክፍሌ ነሲቡ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ማኅበሩ አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ደንብ ነው፤ መንግሥት ፈርሶ፣ ጦር ተበትኖ፣ እነዚህ ልጆች ተቀምጠው ሕግ ይጽፉ ነበር። የጦሩ ክንፍ ለፖለቲካው እንዲታዘዝ፣ ገበሬ እንዳይበደል፣ ማንም አገሩን ትቶ እንዳይሰደድ፣ የተማረከ ጠላትም በሰብአዊነት እንዲያዝ ይደነግጋል።

የምርኮኛውን አንቀጽ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኢጣልያኖቹ አዲስ አበባን ይዘው ክረምቱ ሲከብባቸው፣ ምዕራቡን አገር በመንገድ ሳይሆን በሰማይ ሊገቡበት አሰቡ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ከጠላት ጋር እንደ ተላላኩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ለእኔ ቀላል አይደለም። የሸሸው ጦር በየመንገዱ የገበሬውን ጎተራ ይገለብጥ ነበር፤ ከዚያም በፊት በነፍጠኛው ሥርዓት የተማረረው የምዕራቡ ሕዝብ ሸዋን የሚያይበት ዓይን ቀና አልነበረም። ይህን የማይናገር የአርበኝነት ታሪክ ጎደሎ ነው እላለሁ። ሆነም ቀረ፣ ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት አይሮፕላኖች ከነቀምት ብዙ በማይርቀው በቦነያ ሜዳ አረፉ። ከመጡት መካከል በምሥራቅ አፍሪቃ የኢጣልያ አየር ኃይል ከፍተኛ መኮንን የነበረው ጄኔራል ቪንቸንዞ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩበት። አባ ቦሬሎ የሚባል የካቶሊክ ሚሲዮናዊም አብሯቸው ነበር። ሰዎቹ ሌሊቱን በአይሮፕላኖቻቸው አጠገብ አደሩ። ጥቁር አንበሶች በጨለማ ከበቧቸውና ተኩስ ከፈቱ። ሲነጋ ሚሲዮናዊው ብቻ ከሞት ተርፎ፣ ሌሎቹ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ሞተው፣ ሦስቱም አይሮፕላኖች ዐመድ ሆነው ተገኙ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ከአይሮፕላን እንደ ዝናም ስለ ወረደው የመርዝ ጢስ አቤት ብለዋል። ዓለም ንግግሩን አደመጠ እንጂ ቦነያን የሰማ አልነበረም። ለእኔ ግን ሁለቱ ቀኖች ከአንድ ክር የተፈተሉ ናቸው፤ በጄኔቭ የተከሰሰው ማሽን በቦነያ ተቃጥሏል።

እዚህ ላይ ስለ አይሮፕላንና ስለ አገራችን ጥቂት ብል ከመንገዴ የወጣሁ አይመስለኝም። በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አይሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለው። ቀጥሎም ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠራ፤ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተባለች። ጠላት ማርኮ ኢጣልያ ወሰዳት፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ እዚያ ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቃች። ወሬውን በራዲዮ ስሰማ የጌዶው ቁራጭ ትዝ አለኝ። እነርሱ የእኛን አይሮፕላን በሙዚየም ሰቅለው ኖረዋል፤ እኛ ደግሞ የእነርሱን ክንፍ ስባሪ በጠፍር አንጠልጥለን።

ወደ ጉደሩ ሽማግሌ ልመለስ። በ1979 ዓ.ም.፣ መጽሐፉን ባነበብሁ በወሩ፣ አንድ ቅዳሜ ከአምቦ ጉደር ወርጄ ቤታቸው ገባሁ። ጓሮ እንሰት ይፍቁ ነበር፤ በዚያ አገር ወንድ እንሰት ሲፍቅ ማየት ብርቅ ነው፣ ሚስታቸው ሞታባቸው ነበርና። እጃቸውን ታጥበው፣ ከበራፉ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ።

«ያን ቀን ያነበብኸው የማንን ታሪክ ነው?» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው።

ደነገጥሁ። «የአያቴን» አልሁ።

«አያትህ የተኮሱት ጥይት የለም። እኔም የተኮስሁት የለም። በቅሎ ነጂዎች ነበርን።»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ። እርሳቸው ያኔ ልጅ ነበሩ፤ አያቴ ሃያውን የዘለሉ ጎበዝ። የሆለታዎቹ ልጆች በጌዶ ሲያልፉ ጫማቸው አልቆ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ነበር። ለጥይታቸው ጭነት ፈለጉና አያቴ የአባታቸውን ሁለት አጋሰስና አንዲት በቅሎ ይዘው ተነሡ፤ ሽማግሌው ደግሞ እንደ ታናሽ ወንድም ተከተሏቸው። ኪራይ ይከፈላችኋል ተብለው ነበር። «ተከፈላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁ። «አንድ ጥዋት ልጆቹ ዳቧቸውን ለሁለት ቆርሰው ሰጡን። ደንባቸው ነው አሉ፤ ገበሬ አይበደልም።»

በዚያች ሌሊት ከሜዳው ራቅ ብለው ከጭነቱ ጋር ተኝተው ነበር። ተኩሱን ሰሙ፤ ወዲያው ሰማዩ ቀላ። ጎሕ ሲቀድ፣ የተገኘውን መሣሪያና ዕቃ እንዲጭኑ ወደ ሜዳው ተጠሩ።

«አይሮፕላኖቹ እንደ በሬ ቆመው ነው የነደዱት» አሉኝ። «ሰዎቹ ደግሞ ከእንቅልፋቸው እየተነሡ የወደቁ ናቸው። አንደኛው ጫማ የለውም፤ አውልቆ ተኝቶ ነበር መሰለኝ። እግሩ እንደ ሕፃን እግር ነጭ ነበር። አያትህ ያንን እግር ሲያዩ ጋቢያቸውን አወለቁና ጣሉበት። ጋቢው አዲስ ነበር፤ ለሠርጋቸው የተሠራ። ‹ምን አድርገሃል፣ ጠላት እኮ ነው› ያላቸው ሰው ነበር። ‹ጠላትነቱን ሲነሣ ይንገረኝ› አሉት። ከዚያ ያችን ቁራጭ አንሥተው በጭነቱ ውስጥ ወሸቁ።»

ብዙ ጊዜ ዝም አልን። በመጨረሻ፣ «ታዲያ ለምን ወደቀ እያሉ ኖሩ?» አልኋቸው።

«ኢልማ ኮ፣ ሰው አይሮፕላን ሲባል የሚጠይቀው እንዴት ወደቀ ብሎ ነው። ቆሞ ነበር ብትለው፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅህን ትችለዋለህ?»

ከጉደር የተመለስሁት በእግሬ ነው፤ አውቶቡስ ጠፍቶ ሳይሆን መሄድ ስለ ፈለግሁ።

የምርኮኛውን አንቀጽ ነገር እዚህ ላይ አነሣዋለሁ። በደንባቸው ምርኮኛን አክብሩ ብለው የጻፉ ወጣቶች፣ የተኛን ጠላት በጨለማ መቱ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስናገር ይቆጡኛል። እኔ ግን ልጆቹን ልከስ አይደለም። የተኛ ሰው ምርኮኛ አይደለም፤ በማግሥቱም በእነዚያ አይሮፕላኖች ተነሥቶ የሚያደርገውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሽምቅ ውጊያ የደካማው መሣሪያ ነው፤ ጠመንጃቸውና ጥይታቸው የተቆጠረ ነበር። ትክክል አድርገዋል ብዬ አምናለሁ። ትክክል ማድረጋቸው ግን ያን ባዶ እግር ከአያቴ ዓይን አላጠፋውም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቤት፣ በአንድ ምሰሶ ላይ አርባ ስምንት ዓመት ተንጠልጥለው ኖረዋል።

ባለ ባዶ እግሩ ሰው ማን እንደ ነበረ የሚነግረኝ የለም። ሆኖም በዚያ ሜዳ ስለ ወደቁት ሰዎች ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ሎካቴሊ የቤርጋሞ ከተማ ልጅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918፣ ባለቅኔው ዳኑንዚዮ የመራው የአይሮፕላን ጓድ በቪየና ላይ በቦምብ ፈንታ ወረቀት ሲበትን አንዱ አብራሪ እርሱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የአንዲስን ተራሮች በአይሮፕላን ተሻገረ። በ1924 አትላንቲክን ሊሻገር ሲሞክር በግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ለመውረድ ተገደደ፤ ለቀናት በማዕበል ሲንገላታ ከቆየ በኋላ አንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ አገኘው። ከዚያ ሁሉ በረዶና ውቅያኖስ የተረፈ ሰው ሞቱን ያገኘው በወለጋ ጭቃ ላይ ነው። በቪየና ወረቀት የበተነው እጅ ወደ እኛ ሲመጣ በወረቀት ያልተመለሰበትን ምክንያት አንባቢ ራሱ ይመርምር። ከሞተ በኋላ መንግሥቱ የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው፤ በሰሜን ኢጣልያ፣ ሦስቱ ጫፎች በሚባሉት ዝነኛ ተራሮች ሥር ያለው የተጓዦች ማረፊያ ቤት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የጄኔራል ማሊዮኮ ስም ደግሞ በሲሲሊ ደሴት በኮሚሶ ከተማ ለተሠራው የአይሮፕላን ማረፊያ ተሰጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አይሮፕላኖች ያንን ሜዳ ሰፍረውበት በማልታ ደሴት ላይ ይዘምቱ ነበር፤ በ1943 በሐምሌ ወር አሜሪካኖች ያዙት። ከዚያ ሜዳ ተነሥተው ያልተመለሱት የጀርመን አብራሪዎች፣ የሜዳው ስም ከየት እንደ መጣ ጠይቀው ያውቁ ይሆን? በየትኛውም ካርታ ላይ በጎላ ፊደል ከማይጻፈው ከቦነያ የመጣ ስም ነበር። ኋላ፣ በሰማንያዎቹ ዓመታት፣ የአሜሪካ የኑክሊየር ሚሳይሎች በዚያው ሜዳ ተተከሉ። ሚሳይሎቹን የተቃወመውና በ1982 በማፊያ እጅ የተገደለው የኮሚኒስት ፓርቲ ሰው ፒዮ ላ ቶሬ ነበርና፣ በ2007 የከተማው ሹማምንት የጄኔራሉን ስም አንሥተው በእርሱ ስም ሰየሙት። ተከታዮቻቸው ደግሞ የጄኔራሉን መለሱ። በመጨረሻ የላ ቶሬ ስም ጸና። ይህን ሳነብ የራሴ ጉዳይ ሆኖ ተሰማኝ። እነርሱ የአንድ ሜዳ ስም ለማቃናት ይህን ያህል ከተከራከሩ፣ እኔ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ማቃናት ያቅተኛል?

ከቦነያዎቹ ልጆች ብዙዎቹ ስም እንኳ አልተረፋቸውም። ከራስ እምሩ ጋር ተቀላቅለው ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ፖንዛ ደሴት ተጋዙ። ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ግን ከየካቲት 12 በኋላ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ተረሸኑ። በዚያው በ1928 ዓ.ም.፣ በክረምቱ፣ ከአምቦ ራቅ ባለችው ቦዳ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ አድጎ ስለ አቡነ ጴጥሮስ የመጨረሻ ሰዓት ቴአትር የጻፈው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። አቡኑ የተረሸኑት እርሱ ሊወለድ ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። የእኛ አውራጃ ስለዚያ ክረምት የሚናገር አንደበት ያገኘው በእርሱ ነው እላለሁ። የበቅሎ ነጂዎቹን ታሪክ ግን የጻፈ አላገኘሁም።

ለብዙ ዓመታት ያወቅሁትን ይዤ ዝም አልሁ። ሽማግሌው አረፉ፤ አባቴም አረፈ። ጌዶ ያለው ቤት ለአባቴ ታናሽ እኅት ደረሰ። ባለፈው ዓመት፣ የልጅ ልጆቻቸው ለትምህርት ቤት በዓል የአያቴን ታሪክ ሊያነቡ ነው፣ ያንን ወረቀት ላክልን የሚል መልእክት ከአክስቴ መጣ። አሮጌውን ሳይሆን አዲስ ጽፌ ይዤ ሄድሁ። ሰማንያ ዓመታቸውን ያለፉት አክስቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ አነበብሁላቸው። በቅሎ ነጂ የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። አባቴን አጋሰስ ነጂ ልታደርገው መጣህ?»

«አዳዳ፣ እውነቱ እንደዚያ ነው።»

«አርበኛ ብለህ ያስለቀስኸን አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ልጅ ነበርሁ፣ ሳላውቅ ጻፍሁ።»

መልስ አልሰጡኝም። እኔም ንባቤን ቀጠልሁ፤ ወደ ጋቢው ደረስሁ። ለሠርግ የተሠራ አዲስ ጋቢ መሆኑን፣ ባዶውን እግር፣ «ጠላትነቱን ሲነሣ ይንገረኝ» ማለታቸውን አነበብሁ። አክስቴ ቀና ብለው ወደ ምሰሶው ተመለከቱ። ቁራጩ ዛሬም እዚያው አለ፤ ጠፍሩ ብቻ በሲባጎ ተተክቷል።

«እናቴ ስለዚያ ጋቢ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጨቃጨቀው ነው የኖረችው» አሉ ቀስ ብለው። «መንገድ ላይ ጣልሁት ይላት ነበር። ለሌላ ሴት ሰጥቶት ነው ትል ነበር እርሷ።»

ቡና ተቆላ፤ ተፈላ። ሁለተኛው ሲቀዳ ወረቀቱን እንደ ገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብሁ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣

«በቅሎዪቱን ስም አልሰጠሃትም» አሉኝ። «ዳማ ነበረች፤ ገላኔ ነበር የምትባለው። ከነቀምት የመለሰችው እርሷ ናት። እርሷንም ጻፍ።»

ብዕሬን አወጣሁ።